የእትዬ ስንዱ ኩበት

ልጅ ሳለሁ ዓይኔ አያርፍም ነበር። እናቴ «ይቺን ልጅ እግዜር ዓይንና ምላስ ሲሰጣት ልጓሙን ረሳው» ትል ነበር። የማን በር ተዘግቶ እንደዋለ፣ የማን ምድጃ እንዳልጨሰ፣ የማን ባል ቅዳሜ ሳይመጣ እንደቀረ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ በሰፈራችን አልነበረም። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የአጥር ቀዳዳ የሚያስተምረውን ግን ሁሉ ተምሬያለሁ።

ያኔ ቤታችን አሰላ ዳር፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳው ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ኅዳር ሲገባ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እኛ ልጆች ወደ እማማ አስካለ ቤት እንሮጣለን። እማማ አስካለ ስምንት ወልደው አምስት ያሳደጉ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሴት ነበሩ። ምድጃው ዳር ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ተረት ይነግሩናል። አንዳንዴ ተረቱ መሐል ላይ ዓይናቸው ይከደናል፤ ጣታቸው ግን አያንቀላፋም፣ ከምስሩ ውስጥ ጠጠሩን ያወጣል። እናቶቻችንም «ልጆቹን ልንወስድ መጣን» ብለው ይገቡና፣ ኩራዙ ሥር ግድግዳ ተደግፈው እዚያው ይቀራሉ። ያኔ ተረት የወደዱ ይመስለኝ ነበር። ደክሟቸው እንደሆነ ያወቅሁት እኔም ወልጄ ግድግዳ መደገፍ ስጀምር ነው።

በሰፈራችን የሚነደው ኩበት ነበር። ለማያውቅ ልንገረው፤ እበቱ በጭድ ይለወሳል፣ በመዳፍ እየተጠፈጠፈ አጥርና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ የጠፈጠፈችው ሴት አምስት ጣት እላዩ ላይ ታትሞ ይቀራል። እኔ እጁን አይቼ የማን ቤት ኩበት እንደሆነ እለይ ነበር። የእናቴ ጣት ቀጭን ነው፤ የአዴ ሙሚና አውራ ጣት ወደ ውጭ ይወጣል። አዴ ሙሚና ላሞች ያሏት ጎረቤታችን ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እበት የሚወስደው ከእሷ በረት ነበር።

ያን ዓመት አንዲት እንግዳ ሰፈራችን ገባች። እትዬ ስንዱ ትባላለች፤ የመምህር ሚስት ናት፤ ከጅማ ወዲያ፣ ደረቅ እንጨት ከደጅ ከሚለቀምበት አገር የመጣች። ባሏ ጢቾ ተመድቦ «ቤት እስካገኝ እዚህ ቆዪ» ብሎ ከሦስት ልጅ ጋር አስቀመጣት። ትልቁ ወንድ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ ገና ሁለት ዓመቷ፣ የመጨረሻው ጡት ይጠባል። ባሏ ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ይሄዳል። ዘመድ የላትም። ኩበት ደግሞ ጠፍጥፋ አታውቅም፤ ጭዱን ታሳንሰዋለች፣ እበቱን ታወፍረዋለች፣ ሳምንት ሙሉ አይደርቅላትም። አዴ ሙሚና አጥሯ ጋ ቆማ «ዋዮ! ስንዱ፣ ይኼ ኩበት ነው ወይስ ድፎ ዳቦ?» ስትላት፣ እናቴና ሌሎቹ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እትዬ ስንዱም ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። የእናቴ የማኅበር ሴቶች ደግሞ «ክርስቲያን ነኝ ትላለች፣ የመጨረሻውን ክርስትና ካስነሳች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም» ይሉ ነበር። ይህን ወሬ ከቤት ቤት ያዞረው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአጥሯ ቀዳዳ ሳይ፣ እትዬ ስንዱ እጇ እስከ ክርኗ እበት እንደሆነ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ሕፃኑ ቤት ውስጥ ያለቅሳል፤ አልተነሳችም። «አልቻልኩም፣ አልቻልኩም» ትላለች፣ ለራሷ ይሁን ለእግዜር እንጃ። በሩ ክፍት ነበርና ወደ ውስጥ አየሁ። በነጠላ የታሰረ ጓዝ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የክት ቀሚሷ ከሚስማሩ ላይ የለም፤ የልጆቹ ልብስ ግን እንደተሰቀለ ነው። ትልቁን ልጅ ጠርታ «ነገ ስትነሱ እኔ የለሁም። አባትህ እስኪመጣ ልጆቹን አዴ ሙሚና ጋ ውሰዳቸው» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ልጁ «እሺ» አለ። የት እንደምትሄድ እንኳ አልጠየቃት።

ምን አደረግሁ? ከአጥሯ ላይ በጣም የወፈረውን ኩበት ነቅዬ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁና ወደ እማማ አስካለ ቤት ሮጥኩ። ሊስቁበት ነዋ። የጓዙን ነገር ግን ዋጥኩት። ነገ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ ሰው ሁሉ «ምን ሆነች?» ሲል «እኔ አውቃለሁ» ልል፣ እንደ ከረሜላ ጉንጬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንደደረስኩ ኩበቱን አውጥቼ እጄን እያርገፈገፍኩ «አልቻልኩም፣ አልቻልኩም!» አልኩ፣ የእትዬ ስንዱን ድምፅ አስመስዬ። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። አዴ ሙሚና ኩበቱን በእጇ መዘን አድርጋ «ይኼንስ ለቤት መሠረት ነበር» አለች።

እማማ አስካለ አልሳቁም። «እስቲ አምጪው» ብለው ተቀበሉኝና ረመጡ ላይ አጋደሙት። ገና ልቡ አልደረቀም ነበርና ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ዓይናችን እንባ በእንባ ሆነ።

«እማማ፣ ሊያሳውሩን ነው? ያውጡት እንጂ!» አለች አዴ ሙሚና።

«ተዪው፣ ይያያዝ። እናንተ አላለቀሳችሁላትም፣ ጭሱ ያስለቅሳችሁ» አሉ። ወዲያው ምስራቸውን አስቀምጠው ተረት ጀመሩ።

«እግዜር ለሰው ሁሉ ሥራ ሊያድል፣ ብርድ ነበርና እሳት አንድዶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ገበሬ መጣ፣ ሞፈር ወሰደ። አንጥረኛ መጣ፣ መዶሻ ወሰደ። ቄሱ ጽናውን፣ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ነጋዴው ሚዛኑን ወሰደ። አንዲት እናት ግን አልደረሰችም፤ ልጁ ጡት አልለቅ ብሏት፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ፣ ወጡ እሳት ላይ ሆኖ። እየሮጠች ስትመጣ ዕቃው ሁሉ አልቋል። እሳቱም ከስሟል፣ አመድ ብቻ ቀርቷል። መሬት ላይ ወድቃ አለቀሰች። ‹ለሁሉም ሥራ ሰጠህ፣ ለእኔ አመድ?› አለችው። እሱም ‹እጅሽን ስደጂና ጫሪው› አላት። ብትጭረው፣ ከሥሩ ፍሙ እንደ ዓይን ያበራል። ‹ይኼ የአንቺ ነው፣ አዳፍነሽ አቆዪው። አንጥረኛው መዶሻ እንጂ እሳት የለውም፤ ገበሬው ማረሻው ሲደንዝ ወደ እሳት ይመጣል፤ ቄሱም ጽና እንጂ ፍም አልሰጠሁትም። ሁሉም እሳት ሊጭር አንቺ ቤት ይመጣል› አላት።»

እኔ መቼም ዝም ማለት አልችል። «እማማ፣ ለምን አልጠበቃትም?» አልኩ።

እማማ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። «አልጠበቃትም? ዓለሚቱ፣ አንቺ ይኼን ሁሉ ዓይን ይዘሽ አላየሽም? ሁሉም ተቀብለው ከሄዱ፣ እሱ በዚያ ብርድ፣ በጠፋ እሳት ዳር ማንን ብሎ ቁጭ አለ?»

ያኔ ነው እናቴ ጎንበስ ብላ ወደ ምድጃው ያየችው። ለእማማ የተሰጣቸው የእኛ ቤት ኩበትና የአዴ ሙሚና ኩበት ነደው ዱቄት ሆነዋል። የእትዬ ስንዱ ኩበት ግን ጭሱን ጨርሶ፣ ላዩ ነጭ አመድ ሆኖ፣ ውስጡ እንደቀላ ነበር። አመዱ ላይ እጅ ይታያል፣ አምስቱም ጣት። ከመዳፉ አጠገብ ደግሞ ሌላ እጅ አለ፣ የጽጌረዳ ቅጠል የምታክል።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች እናቴ።

«የትንሿ ልጅ» አልኩ። «ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣት ነው የምትጠፈጥፈው።»

እማማ አስካለ «እንግዲያ የሁለት ሰው ኩበት ነዋ፣ እንዴት አይወፍር?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ጉንጬ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር አቃጠለኝ። «ጓዟን አስራለች፤ ነገ ጠዋት ልትሄድ ነው፤ ልጆቹን ጥላ» ብዬ አለቀስኩ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬዬን ሰምታ አልቆጣችኝም። እሷም ነጠላዋን ፍለጋ ተነሳች።

እማማ አስካለ ከዚያው ኩበት ላይ ፍሙን ሰባብረው በገል አደረጉና አስያዙኝ። በሰፈራችን እሳት የጠፋበት ሰው ነው ገል ይዞ የሚዞረው፤ ያን ቀን ግን እሳቱ ራሱ ሄደ። እትዬ ስንዱ በሩን ስትከፍት ቤቱ ጨለማ ነበር። ሕፃኑን ታቅፋለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«እሳት አምጥቼልሻለሁ» አሉ እማማ አስካለ። ጓዙን አዩት። እንዳላዩ ሆነው አለፉና ጉልቻው ዳር ተቀመጡ። ፍሙን እፍ እያሉ «እኔም አንድ ጊዜ ሲሬ ሄጄ ነበር» አሉ። «ወንድሜ ቤት። አምስቱን ልጅ ጥዬ፣ ነጠላዬን ብቻ ለብሼ። ደክሞኝ ነበር። አልመለስም ብዬ ነው የሄድኩ።»

እትዬ ስንዱ ቀና አለች። «ምን መለሰዎት?»

«መልአክ እንዳልልሽ አላየሁም። ጡቴ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሞልቶ ቀሚሴን አራሰው። እኔ ልጁን ብተወው ወተቱ አልተወውም። እያለቀስኩ፣ እግዜርንም እየሰደብኩ ተመለስኩ። ከዚያ ሌላ ጽድቅ የለኝም።»

እትዬ ስንዱ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። «እማማ፣ እኔን ግን ረስቶኛል። ደጁን ከረገጥኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምን ፊት ኖሮኝ ልለምነው?»

«አንቺ መሄድ ካቃተሽ እሱ መምጣት አያውቅበትም? ይልቅ ሕፃኑን ስጪኝና ተኚ።»

«ልጆቹ አልበሉም...»

«ተኚ አልኩሽ፣ ልጄ።»

እናቴ ሁለቱን ልጆች ወደ ቤታችን ይዛ ሄደች። አዴ ሙሚና ወተት በቅል ይዛ ገባችና፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ስንዱ፣ ከሰኞ ጀምሮ አብረን ነው የምንለውሰው። አንቺማ እየጋገርሽብን ነው» አለቻት። እትዬ ስንዱ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ከጥርሷ አለፈ። እበቱ እጇ ላይ እንደደረቀ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ባሏ ሲመጣ ሚስቱ ተኝታ፣ ቤቱ በሴት ተሞልቶ አገኘ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። እማማ አስካለ «ቀስ በል፣ እንዳትቀሰቅሳት። ጢቾ ያለውን ቤት ደግሞ ቶሎ ፈልግ። ሚስት ሰንበት ብቻ አትኖርም» አሉት። ታስሮ የነበረው ጓዝ በዚያው ቀን ተፈታ፤ የክት ቀሚሷ ሚስማሩ ላይ ተመለሰ። እኔ ነኝ ያየሁት። አንድ ሌሊት መተኛት ኑሮ ይለውጣል አልልም፤ ከዚያ በኋላም ስታለቅስ አይቻታለሁ። ግን ስታለቅስ ብቻዋን አልነበረችም። ከፋሲካ በኋላ ባሏ ጢቾ ቤት አገኘና ሄዱ። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። እኔ የማላውቀው ወሬ ጥቂት ነው፤ ይኼ ግን አንዱ ነው።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። ልጄ ዓረብ አገር ናት፤ ሰው ቤት የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ የእሷን ልጅ እኔ አሳድጋለሁ። ጎረቤት «ልጇን ጥላ ሄደች» ሲል እሰማለሁ። እነሱ ጓዟን ስታስር አላዩዋትም፤ እኔ አይቻለሁ። በስልክ «እማዬ፣ ጸሎት እንኳ አቅቶኛል፣ ቆሜ ነው የምተኛው» ስትለኝ፣ የእማማ አስካለን ተረት እነግራታለሁ። ከዚያ ልጅቷን ስልኩ ፊት አቆምና እጇን መስታወቱ ላይ እንድትለጥፍ አደርጋለሁ። ወዲያ ማዶም አንድ እጅ ይለጠፋል።

እናቶች፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። «በርቱ» ማለትም አልወድም፤ እስካሁን ከበረታችሁት በላይ ምን ትበረታላችሁ? የጎረቤታችሁን አጥር ስታዩ ግን ለሳቅ ብቻ አትዩ። ዓይኔን ፈጣሪ ለምን እንደሰጠኝ የገባኝ ያን ዓርብ ነው፤ ልጓሙን ግን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

እሑድ እሑድ የልጅ ልጄን አጥቤ፣ አብልቼ፣ የጠፋ ጫማዋን ፈልጌ ስጨርስ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ መንገድ ላይ ይገናኘኛል። «ዓለሚቱ፣ ዛሬም ረፈደብሽ?» ይሉኛል። ዱሮ አፍሬ እሮጥ ነበር። አሁን አልሮጥም። ሁሉም ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።