ዋስ የሆኑት ሽማግሌ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ቶተንሃም ሰፈር ውስጥ፣ ሴራሚክ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ካምደን ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ያድስ የነበረው ኮንትራክተር ያገሬ ሰው ስለሆነ አላስፈረምኩትም፤ ሴራሚኩን በዱቤ አስጫንኩለት። ሥራውን ጨርሶ ከምግብ ቤቱ ባለቤት ሙሉ ሂሳቡን ሲቀበል፣ ዕቃ ላቀረብንለት ሰዎች ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። እኔ ደግሞ በቀላሉ የምበርድ ሴት አይደለሁም። ከሰስኩት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና ሐበሻ ሐበሻን እንዴት ይከሳል ተባለ። የሰው ዕቃ በልቶ ዝም ማለቱ ሳይሆን የእኔ መክሰስ ነውር ሆኖ አረፈው። በመጨረሻም ሽማግሌ መጣብኝ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ለልጆቼ እንደ አያት ነበሩ። ወንበር ባቀርብላቸው አልቀመጥም ብለው ሱቄ መሀል ቆመው ለመኑኝ።

«ክሱን አንሺው ልጄ። በየወሩ ይከፍልሻል፤ ዋሱ እኔ ነኝ።»

እሳቸው ቆመው እያዩኝ ምን አፍ ኖሮኝ እምቢ እላለሁ? አነሳሁት።

እውነትም በየወሩ ገንዘቡን በፖስታ ይዘው እየመጡ፣ ልኮልሻል ይሉኝ ጀመር። ውዝፍ ኪራዬ ተቃለለ፤ ሱቁን ከመዝጋት ዳንኩ። ሰውየውን እንደዚያ መርገሜም ቆጨኝ። ስለዚህ ሆሎዌይ ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጄ፣ ያው ኮንትራክተር ዱቤ ጠይቆኛልና ምን ትያለሽ ብሎ ሲደውልልኝ፣ ለእኔ በደንብ እየከፈለኝ ነው፣ ስጠው አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሰጠው። ሰውየው ዕቃውን ጭኖ፣ ኩባንያውን ዘግቶ ጠፋ። ወዳጄ ያለ የሌለውን አውጥቶ የገዛው ዕቃ ነበር።

በንዴት ጦፌ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በእኔ ምስክርነት ሰው መበላቱን ነግሬያቸው፣ ለእኔ እየከፈለ ያንን ምስኪን ለምን ይዘርፈዋል ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው አቀረቀሩ። የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ሰውየው አንድም ቀን ከፍሎ አያውቅም፤ በየወሩ የምቀበለው ከባላቸው ጡረታ የተቀነሰ ነው አሉኝ።

አፈርኩም ተናደድኩም። ምነው ያኔውኑ በነገሩኝ ኖሮ ብዬ ተማረርኩ። ሽማግሌው፣ ዋስ ከሆንኩ ዕዳው የእኔ ነው፣ ደግሞም ተቀያይማችሁ እንዳትቀሩ ብዬ ነው አሉኝ። ይህን ደግነት በምን አንጀቴ ልቆጣው? ግን ወዳጄን ያስበላው ይኸው የእሳቸው ደግነትና የእኔ ምላስ ነው። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ልወጣ ስነሳ በር ድረስ ሸኙኝ። ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

«የዚያ የተበላው ልጅ ገንዘብስ ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።