ሞጣ ላይ የደፋሁት አተላ

ባለፈው ሳምንት ቢቸና ያለው ቤቴ የወጥ ቤቱ ሲንክ ውኃ መዋጥ አቃተው። ሳህን የታጠበበት ውኃ ሞልቶ ይቆምና ከብዙ ቆይታ በኋላ ጉርር ብሎ በጥቂቱ ይወርዳል። ልጄ ማኅሌት ችኩል ናት፤ ውኃ አፍልታ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች።

«ቆይ!» አልኳት እጇን ይዤ። «መጀመሪያ ምን እንደደፋችሁበት ንገሪኝ።»

አጠያየቄ የመርማሪ ስለሆነባት ሳቀች። «ዘይት ነው እማዬ፣ ዓሣ የተጠበሰበት።»

«ዘይት ከሆነ አፍስሺው።»

አፈሰሰችው፤ ከሁለተኛው ማንቆርቆሪያ በኋላ ውኃው ሄደ። እሷም ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ወንበር ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሞጣ ላይ፣ ሳልጠይቅ ያፈላሁት ውኃ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት መምህርት ነበርኩ። ተመድቤ ሞጣ ስሄድ ከእትዬ ፋጡማ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባለቤታቸው ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሞጣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ ነው። ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ መታጠቢያ ክፍል ነበረው፤ ከደጁ ደግሞ ለሶላት የሚታጠቡበት ቧንቧ አለ። የሁለቱም እጣቢ በአንድ ቱቦ ወደ ጓሮው ጉድጓድ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ ስለነበር ለእናቴ በደብዳቤ ሳይቀር ጽፌላታለሁ።

ክፍሉን ያሳዩኝ ቀን እትዬ ፋጡማ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ስንዱ፣ ግቢው ያንቺ ነው። ጾምሽን ጹሚ፣ ቤተ ክርስቲያንሽን ሳሚ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የሚያሰክር ነገር እዚህ ግቢ እንዳይገባ።»

«እሺ እትዬ፤ ይኼማ ምን አለው» አልኩ። ስናገርም ከልቤ ነበር።

ሁለት ዓመት እንደ ልጅ ኖርኩ። የሴትዮዋ ልጅ ኑሪያ ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች፤ እንደ እህት ሆንን። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ የሠርጓ ቀን ተቆረጠ። እትዬ ፋጡማ ያን ጊዜ የሰጡኝን ክብር አልረሳውም። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ዳስ ሊጣል፣ ለብቻ በሬ በክርስቲያን እጅ ሊታረድ፣ ድስቱም ጭልፋውም ሊለይ ሆነና፣ የዚያን ዳስ ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። «የሃይማኖትሽ ሰው ተጠራጥሮ እንዳይበላ፣ ካንቺ ሌላ ማንም ድስቱን አይነካም» አሉ።

ታዲያ ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የማኅበር ተራዬ ደረሰ። መምህራን ሴቶች በወር አንድ ቀን የምንጠጣው የማርያም ጽዋ ነበረን። ዝግጅቱን በጓደኛዬ ቤት ለማድረግ ተስማምተን ነበር፤ ጠላውን ግን እናቴ ከቢቸና በአውቶቡስ ላከችልኝ፣ «ጉሽ ነው፣ እዚያው አጥልይው» ከሚል መልእክት ጋር። ጀሪካኑ የደረሰው በገበያ ቀን ነው። ጓደኛዬ ቤቷን ዘግታ ትምህርት ቤት ናት፤ የእኛም ግቢ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ጋቢ ደርቤበት ወደ ክፍሌ አስገባሁት። ለአንድ ቀን ነው፣ ማንም አያይም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ጠላው ኮለል ብሎ ወረደ፤ አተላው ቀረ፣ ግማሽ ባልዲ የሚሆን የብቅልና የጌሾ ጭቃ። ቢቸና ቢሆን ለበሬ ይሰጣል፤ በሬውም ደስ ይለዋል። እዚህ ግን ባልዲ ሙሉ አተላ ተሸክሜ በዚያ ግቢ በር ብወጣ ሽታው ብቻ ሰፈሩን ይጠራል። ስለዚህ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ፣ ወለሉ ላይ ያለውን የቱቦ ክዳን አንስቼ፣ በውኃ እያቀጠንኩ ሁሉንም ደፋሁት። ማኅበሩም ደመቀ፤ የእናቴ ጠላ ተመሰገነ።

በሦስተኛው ቀን የመታጠቢያው ውኃ መዘግየት ጀመረ። ኑሪያ ደግሞ ለሠርጓ ፀጉሯን ቅቤ እየተቀባች በየቀኑ ትታጠባለች። እትዬ ፋጡማ ለመፍረድ ብዙ አላሰቡም።

«ይኼ ፀጉርሽና ቅቤሽ ነው የደፈነው!» አሏት። «አባትሽ ለሶላት የት ይታጠቡ? ያ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ምን ልበል? ባልሽስ ቤት እንዲህ ልትሆኚ ነው?»

ኑሪያ አለቀሰች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻዬን እጠጣ ነበር። ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ግን መጠገን ጀመርኩ። ሽቦ አጥፌ ስጎረጉር ትንሽ ፀጉር ወጣ፤ እትዬ ፋጡማ ያንን አይተው «አላልኩም?» ብለው ስድቡን እንደ አዲስ ጀመሩ። የመጥረጊያ እንጨት አስገባሁ። በመጨረሻ ትልቅ ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቼ ለቀቅኩበት፤ ቅባት በሙቅ ውኃ እንደሚፈታ ለተማሪዎች አስተምር የለ? ውኃው አንዴ ጉርር አለና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የፈሰሰው ሁሉ ከደጅ፣ ሐጂ ለሶላት ከሚታጠቡበት ቦታ ቡልቅ ቡልቅ እያለ መውጣት ጀመረ። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል።

ቱቦውን የዘረጉት ጋሽ ምትኩ የሚባሉ ቧንቧ ሠራተኛ ሲሆኑ ያን ሰሞን ቢቸና ሥራ ይዘው ነበር። «ሄጄ አመጣቸዋለሁ፤ አገሬ አይደል» አልኩ። እትዬ ፋጡማ መረቁኝ። ምርቃቱ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከጋሽ ምትኩ ጋር ከቢቸና ወደ ሞጣ ተሳፈርን። የጥር ፀሐይ፣ የመንገዱ አቧራ፣ ግራና ቀኝ የጤፍ ጭድ የሚበተንበት አውድማ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ በመስኮት እሸት ሽምብራ ገዝተን እየፈለፈልን መብላት ያዝን።

«ምን ደፋችሁበት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ። ፀጉር ነው ይላሉ።»

«እነሱ ይበሉ። አንቺ ምን ትያለሽ?» ሽምብራዬን መፈልፈል ስቀጥል ጨመሩ፦ «አስተማሪዋ፣ ሐኪምና ቧንቧ ሠራተኛ አይዋሽም። ያመመውን ካልነገርሽኝ የማይሆን ቦታ እቆርጣለሁ።»

ነገርኳቸው። የፈላውን ውኃ ስነግራቸው የያዙት ሽምብራ እስኪወድቅ ሳቁ።

«አተላ ላይ የፈላ ውኃ? ገንፎ አገነፋሽ እንጂ! ቅቤ ቢሆን ሙቅ ውኃ ይፈታዋል፤ ፀጉር ቢሆን ሽቦ ያወጣዋል፤ እህል ግን ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል። ደግሞ ስሚኝ፣ እዚህ ያፈሰስሽው እዚያ ብቅ ካለ ያንቺ ሥራ አልቋል። ያኔ ሰው ይጠራል እንጂ አይታገሉትም።» ቆየት ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ከሰው ቱቦ ያወጣሁትን ለማንም አውርቼ አላውቅም። አይዞሽ።»

እንደደረስን ጓሮውን ቆፍረው የቱቦውን መታጠፊያ ፈቱት። የወጣው ነገር የእጅ ክንድ ያህል ግራጫ ገንፎ ነበር፣ የጌሾ ቅጠል የተሰገሰገበት። ቶሎ ብለው ባልዲ ውስጥ ከተቱና ጆንያ ጣሉበት። ውኃው እየተንደረደረ ወረደ።

እትዬ ፋጡማ እልል ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው መጡ። «እንዴት ያለ እጅ ነው ወንድሜ! ምን ነበር? የዚች ልጅ ፀጉር ነው አይደል?»

ኑሪያ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ። ጋሽ ምትኩ ቀና ሳይሉ «ቆሻሻ ነው እትዬ» አሉ። «ቱቦ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም።»

ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። አፌን ብይዝ ዳሱን እመራለሁ፣ ክፍሌም አይነካም። ኑሪያ ግን ሦስት ቀን ቆጥራ ከእናቷ ቤት ትወጣለች፣ ያን ሁሉ ስድብ ተሸክማ። ሄጄ ጆንያውን ገለጥኩት። ሽታው ተነሣ፤ ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም።

«የኔ ነው እትዬ። ጠላ አስገብቼ ነበር። አተላውን የደፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ፋጡማ ባልዲውን አዩ፣ እኔን አዩ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ጠላውን ይቅር ልልሽ እችላለሁ» አሉ። «እኔ ለሃይማኖትሽ ሰው ድስት ስለይ፣ አንቺ በእኔ ቤት ይኼን አደረግሽ። እሱንም ልተወው። ልጄን ሦስት ቀን ሙሉ ስሰድባት ግን አጠገቤ ተቀምጠሽ ሻይ ጠጣሽ። ዳሱ ያንቺ ነው፤ እንግዶችሽን አስተናግጂ። ከሠርጉ በኋላ ግን ሌላ ቤት ፈልጊ።»

አስተናገድኩ። ዳሱ ሞልቶ በላ፣ ብርዝ ጠጣ፣ መረቀ። ኑሪያ ልትሄድ ስትል አቅፋኝ በጆሮዬ፣ «እማ አፉ በይኝ አለችኝ። ተወልጄ ይቅርታ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። በሳምንቱ ዕቃዬን ጫንኩ፤ ቁልፉን ለሐጂ ሱቃቸው ድረስ ወስጄ ሰጠሁ። ከእትዬ ፋጡማ ጋር ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ጨዋ ነበር፤ «አስተማሪ፣ እንደምን ነሽ» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ወደ ቢቸና ተዛወርኩ።

ያን ዕለት፣ ማኅሌት ከሄደች በኋላ፣ ኑሪያን ላስቃት ብዬ ደወልኩላት። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ስለ ሲንኩ ነግሬያት ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ሳቋ እያለ ድምፅዋ ቀየር አለ።

«እማ ያንቺን ክፍል እኮ ለማንም አላከራየችም ነበር።»

«መቼ?»

«ከወጣሽ በኋላ፣ ሁለቱንም ዓመት። ሰው በመጣ ቁጥር ሰው አለበት ትል ነበር። 'ስንዱ የወግ ልጅ ናት፣ ሽማግሌ ትልካለች፤ ስትልክ እንዴት እምቢ እላለሁ' እያለች። ወደ አገርሽ ተዛወርሽ ሲሏት ነው ያከራየችው።»

ሽማግሌ መላክ ማን ያጣል? ሰው ቢጣላ፣ ወሰን ቢገፋ፣ በአገራችን ሦስት ትልልቅ ሰው ለምኖ በር ማስቆም ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሩን ለብቻዬ ታገልኩት፤ አንዴ አፈርኩ፣ አንዴ ኮራሁ፣ አንዴ ጊዜ ያበርደዋል አልኩ። እሳቸው ደግሞ የበሩን መንኳኳት ሲጠብቁ ኖሩ።

እትዬ ፋጡማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። አሁን ሽማግሌ ብልክ የማን በር ላይ ይቆማል?