ግሬፕፍሩቱና የሃጂ ኪኒን

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ነው፤ ቡታጅራ አስተምር ነበር። ሰው ገደልኩ ብዬ ግማሽ ቀን የተንቀጠቀጥኩበት ስለሆነ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የተከራየሁት በርበሬ ነጋዴው ሃጂ ሸምሱ ግቢ ነበር። ሃጂ ደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም የሚያሸና ኪኒን አዞላቸዋል። እኔ ደግሞ ደግ መሆኔ ነው፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ካለው ዛፍ በየሳምንቱ ግሬፕፍሩት እየለቀምኩ አመጣላቸዋለሁ። “መረር ይላል እንጂ ጤና ነው” እያሉ ይበሉታል።

አንድ ቀን የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቷ አንዲት ሴትዮን “ይሄን የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ግሬፕፍሩት እንዳይበሉ፤ አደጋ አለው” ስትላቸው ሰማሁ። ክው አልኩ። ሰሞኑን የሃጂ እግር አባብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸው ነበር። በቃ፣ እኔ ነኝ ያሳበጥኳቸው አልኩ።

ቆም ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። ሮጬ ቤት ስደርስ ሃጂ እንሴኖ ገበያ ሄደዋል። ሁለት ግሬፕፍሩት በፌስታል ይዘው እንደወጡ ባለቤታቸው ነገሩኝ። ሃጂ ሞባይል የላቸውም። ኪኒናቸውን ተቀብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ለልጆቻቸው ምን እንደምል ነው።

ስደርስ ሃጂ ከበርበሬ ጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠው ግሬፕፍሩት ይልጣሉ። ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

“አብሽሪ ልጄ፣ ይሄ ፍሬ ምን ያደርገኛል?” አሉ። እኔ ግን አልለቀቅኳቸውም፤ ጨቅጭቄ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ይዣቸው መጣሁ።

ፋርማሲስቷ እሽጉን አገላብጣ አየችው። “ይሄ የሚያሸናው ነው፤ ከግሬፕፍሩት ጋር ጠብ የለውም። የሴትዮዋ ሌላ ዓይነት ነው። መድኃኒት ከተቀየረልዎት ግን መጀመሪያ ይጠይቁ” አለች። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ፊቷ ተቀየረ። “ሃጂ፣ ይሄ እኮ እስካሁን ማለቅ ነበረበት።”

ሃጂ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እኔን አፍረው ነው። በመጨረሻ “ገበያ ቀን አልውጠውም” አሉ። “ከዋጥኩት ሽንት እየደጋገመ ያስነሳኛል። በርበሬዬን ለማን ጥዬ ልሂድ?”

ለእሳቸው ደግሞ ገበያ ያልሆነ ቀን የለም፤ እንሴኖ ካልሆኑ ቡታጅራ ናቸው። እግራቸው ያበጠው ለካ በዚህ ነው። ፋርማሲስቷ ወደ ሐኪማቸው ላከቻቸው፤ ሐኪሙም ከገበያ ሲመለሱ እንዲውጡት ሰዓቱን ቀየረላቸው። ወር ሳይሞላ ጫማቸው ገባላቸው።

ኋላ እኔ ወደ ወልቂጤ ተዛወርኩ። በስህተት ባልደነግጥ ኖሮ የሃጂን ጉድ ማን ያውቅ ነበር እያልኩ አሁንም ይገርመኛል። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሃጂ ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው፣ ግሬፕፍሩት በፌስታል ይዘው። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ “ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በየት ነው?” አሉኝ።

ኪኒናቸውን ውጠው እንደመጡ ገባኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።