አንደኛውን ጠጅ ቤት የመረጥን ጊዜ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ባሕር ዳር ነው። የዚያ ዘመን ወሬ በተነሣ ቁጥር ሌላው ሰው ሰልፉን፣ ስብሰባውን፣ ዘመቻውን ያነሣል። ለእኔ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አንድ የኮሚቴ ሥራ ነው። ሥራው በቀበሌያችን ካሉት መጠጥ ቤቶች ሁሉ ለማምሸት የሚመቸውን አንደኛ ቤት መምረጥ ነበር። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም እስከ ግማሹ ድረስ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የጤና ረዳት ሆኜ ባሕር ዳር ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ የንጽሕና ቁጥጥር ነበር። ሥጋ ቤት አያለሁ፣ ምግብ ቤት አያለሁ፣ መጸዳጃ አያለሁ። ጉድለት ካገኘሁ ጽፌ እፈርማለሁ። የእኔ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ቤት ያሳሽግ ነበር።

የቀበሌውን ሊቀ መንበር ስሙን ለውጬ ጓድ ምትኩ ልበለው። ከአብዮቱ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። ካኪ ልብሱን አስተኩሶ ይለብሳል። ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ይሰካል፤ መጻፍ ሲኖርበት ግን ከሰው ይዋሳል። ከአራቱ አንዱም አይጽፍም ነበር።

አንድ ሰኞ አስጠራኝ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውንና ሐይቁን ጎብኝተው ሲያበቁ አረፍ የሚሉበት ንጹሕ ቤት ይፈለግ የሚል መልእክት ከበላይ ደርሶታል። መልእክቱ ይኸው ብቻ ነበር። ጓድ ምትኩ ግን ወደ ውድድር ለወጠው።

«ይህ ተራ ሥራ እንዳይመስልህ» አለኝ። «የሰፊውን ሕዝብ መዝናኛ ነው የምንመርጠው።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። እሱ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው አቶ ውበቱ የሚባሉ ጡረተኛ። አቶ ውበቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ማዶ ወደ ቁንዝላ የሚመላለስ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የሞተሩ ድምፅ ጆሯቸውን ጎድቶት ነበር። ያልሰሙትን ነገር ሁሉ «ደግ፣ ደግ» ብለው ያጸድቃሉ። የተመረጡትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ ተዘጋጀ። ንጽሕና፣ መስተንግዶ፣ የመጠጥ ጥራት፣ ንቃት ይላል። የመጨረሻውን የጨመረው ጓድ ምትኩ ራሱ ነው። የጠጅ ቤት ንቃት በምን ይለካል ብዬ ጠየቅሁት።

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ታያለህ» አለኝ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። ሰዓት እላፊ ስላለ የባሕር ዳር ሰው የሚያመሸው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጠጥ ቤቶቹ ይሞላሉ፣ ማታ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል።

መጀመሪያ የገባነው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቡና ቤት ነው። ባለቤቱ መምጣታችንን ሰምቷል። የሦስቱን ባለጺሞች ሥዕል ከዚያው ጠዋት ለጥፎ ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ጓድ ምትኩ ሁለት ቢራ ጠጣና ለንቃት ሙሉ ነጥብ ሰጠው።

ሁለተኛው ቤት አንድ ቴፕና አንድ ካሴት አለው። ካሴቱ ሲያልቅ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ብርሌው ሁሉ የሚለቀለቀው በአንድ ባልዲ ነው፤ ውኃው መልኩ ጠላ መስሏል። ይህን ልጽፍ ስል ጓድ ምትኩ እጄን ያዘኝ።

«ውኃ ቆጣቢ ነው ብለህ ጻፍ» አለኝ። እዚያ ሁለት ብርሌ ጠጣ።

ሦስተኛው ከሐይቁ ዳር ያለው የጓድ ምትኩ ሚስት ወንድም ቤት ነው። መጸዳጃው ከቆርቆሮ የተሠራ ሆኖ ወደ ሐይቁ አዘንብሎ ቆሟል። የሚወርደው ሁሉ ወደ ሐይቁ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ። ጠጁን ቀመስሁት፤ የስኳር ጠጅ ነው፣ ማር የሚባል በአጠገቡ አላለፈም። ያን ጊዜ ስኳር በራሽን ነው። ሰው ከኅብረት ሱቅ ደጅ ተሰልፎ አንድ ኪሎ ሲደርሰው ተመስገን ብሎ ይሄዳል። እዚህ ቤት ከጓዳው በር ጥግ ሁለት ጆንያ ስኳር ቆሟል። ጓድ ምትኩም ጆንያዎቹን አይቷል። ብርሌውን ገና ሳያነሣ «አንደኛ» አለ። አቶ ውበቱ «ደግ፣ ደግ» አሉ።

እዚያ ላይ ሥራው አለቀ ብለን ወደ ቤታችን ብንሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ቤት ቀርቶ ነበር። የወይዘሮ የሻሽወርቅ ቤት።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ከሞቱ በኋላም እንደ ቀድሞው ጠጅ እየጣሉ ሴት ልጃቸውን ያሳድጋሉ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ጌሾውን ራሳቸው በታንኳ ዘጌ ተሻግረው፣ ቅጠሉን በእጃቸው መርጠው ያመጡታል። ብርሌዎቹ በአመድና በሙቅ ውኃ ታጥበው ነጭ ጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። ወደ ጓሮ ዞሬ መጸዳጃውን አየሁ። ክዳን አለው፣ ከጎኑ በማሰሮ አመድ ተቀምጧል። በሁለት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ መጸዳጃ አላየሁም፤ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ያለውም አይደርስበትም።

ጓድ ምትኩ ዓይኑ ቀልቷል። ገና ሳይቀመጥ «ቅጂ» አላቸው።

«ጌታዬ፣ ጠጥተው ነው የመጡት» አሉት። «ይቀመጡና መጀመሪያ እህል ይቅመሱ።»

«እኔ ኮሚቴ ነኝ።»

«ኮሚቴነትዎን አልነካሁም። ለሰከረ ሰው ስለማልቀዳ ነው። መሪጌታ በሕይወት ሳሉ ለእሳቸውም አልቀዳም ነበር።»

ቤቱ ውስጥ አሥር ያህል የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ ሳቀ። ሳቁ ትንሽ ነው፣ ወዲያውም በሳል ሸፈነው። ነገሩን ያበላሸው ግን ያ ሳቅ ነው። ጓድ ምትኩ ዙሪያውን ቃኘና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሚካኤል ነው» አሉት።

«ማን ፈቅዶ ነው የተሰቀለው?»

«ከተሰቀለ ሃያ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀ አልነበረም።»

ወደ እኔ ዞረና ይህ ቤት ታሽጓል ብለህ ጻፍ አለኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት። ንጽሕና ነው አለ። በሥዕል ምክንያት ማሸግ እንደማያዋጣው ስካሩም አላስረሳውም። በንጽሕና ከሆነ ግን የእኔ ቃል ይበቃል። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ጓደኞችህ ግንባር ሲዘምቱ አንተ እዚህ ለምን እንደ ቀረህ ጠይቄህ አላውቅም» አለኝ።

ጻፍሁ። መጸዳጃው ከደረጃ በታች፣ የመጠጥ ዕቃው ያልታጠበ ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። እሱ ከኪሱ ማኅተም አውጥቶ መታበት። አቶ ውበቱም ፈረሙ። በኋላ ስጠይቃቸው የሽልማት ወረቀት መስሏቸው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ጠጪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ወረቀቱን በመንገዱ በኩል ባለው በር ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ማንበብ ይችላሉ፤ አጠገቤ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ውስጥ ሦስት ጋን ጠጅ ነበረ። ጊዜው ካለፈ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ መድፋት ነው።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ዋናው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። አሥር ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ካለው ካሸነፈው ቤት አስቀመጥናቸው። ጓድ ምትኩ ተነሥቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ መዝናኛ ንግግር አደረገ። እሱ ሲናገር ነፋሱ ከመጸዳጃው በኩል ይመጣ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ንግግሩ ሲያልቅ ዋናው እንግዳ ብርሌውን አንሥተው አንድ ጊዜ ተጎነጩና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

«እኔ እዚሁ ከተማ ተማሪ ነበርሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት የመሪጌታ ሚስት ጠጅ ይጥሉ ነበር። አሁንም አሉ?»

የጓድ ምትኩ ፊት ተለዋወጠ። «አሉ። ግን ቤቱን እያሳደስንላቸው ነው» አለ።

«እንግዲያው ጠጁን ብቻ ቢያስመጡልን።»

ጓድ ምትኩ ወደ ውጭ ጎተተኝ። ሮጠህ ወረቀቱን ቅደድና ጠጅ ይዘህ ና አለኝ። እምቢ ቢሉኝስ አልሁት።

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ያሸግኸው አንተ ነህ፣ ፊርማው ያንተ ነው» አለኝ።

ሮጥሁ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከጓሮ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«ጠጁ ከቆሻሻ ቤት የወጣ ነው። እንግዳ ይታመምባችኋል» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ነው ያስጻፈኝ።»

«እሱስ ሰክሮ ነበር» አሉ። «አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው የጠየቁኝ ይመስል ነበር። ወደ በሩ ሄድሁና ወረቀቱን ልቀድድ ስል ከኋላዬ መጥተው ከለከሉኝ።

«አትቅደደው። ሰፈርተኛው ሁሉ ቆሞ ያነበበው ነው። ቀድደህ ብትጥለው ያነበቡት ከልባቸው ይጠፋል? ከሥሩ እውነቱን ጻፍበት። ከዚያ ጠጁን ትወስዳለህ።»

የቀበሌ ማኅተም ካለበት ወረቀት ሥር እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ያን ጊዜ ምን እንደሚያመጣ የኖረበት ያውቀዋል። «ከላይ የተጻፈው ሐሰት ነው። ይህ ቤት በቀበሌው ካሉት ሁሉ የበለጠ ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍሁና ስሜን አስፍሬ ፈረምሁ። አነበቡት። ገብተው ሁለት ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ።

ዋናው እንግዳ ጠጁን ቀምሰው «ይኸው ነው» አሉ። ብርሌውን ጨርሰው ተነሡ። ሄጄ ሰላም ልበላቸው አሉ። ጓድ ምትኩ ቤቱ ኖራ እየተቀባ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያለ ከኋላቸው ተከተለ። መንገዱ አቧራ ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ይህን የፈረመው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ጓድ ምትኩ በመሐል ገብቶ ጓዱ ወጣት ነው፣ ስሕተት ፈጽሟል፣ እርምት ይወሰድበታል ማለት ጀመረ። እሳቸው ወደ እሱ ሳይዞሩ «ይከፈት» አሉና ዞረው ጎንበስ ብለው በጓሮው በር ገቡ። ከውስጥ የወይዘሮ የሻሽወርቅን ድምፅ ሰማሁ። በስማቸው ጠርተዋቸው፣ ምነው እንዲህ ከሳህ ይሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያስረኝ ሰው ስጠብቅ ሰነበትሁ። ማንም አልመጣም። ጓድ ምትኩ እንግዳውን ፈርቶ እኔን ተወኝ፤ ለኮሚቴም ዳግመኛ አልጠራኝም። እሱ ተቀጣ ብዬ ብጽፍ አንባቢ ደስ ይለው ነበር። አልተቀጣም። በዓመቱ ከቀበሌ ወደ ከፍ ያለ ቦታ ተዛወረና ኪሱ ላይ አምስተኛ እስክሪብቶ ጨመረ። የሚስቱ ወንድም የአንደኝነቱን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። መጸዳጃው በክረምቱ ጎርፍ ሐይቅ ገባ፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ነበር።

ዛሬ ያን ሰው ሳስበው እንደ ድሮው እንቀዋለሁ። ስለ ንቃት ሲያወራ፣ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ሲዞር፣ ሁሉም ይታየኛል። እሱን መናቅ ምንም አያደክምም። የሚያደክመኝ ሌላው ነው።

ቤቱ ከተከፈተ ወር ያህል ቆይቼ አንድ እሑድ ወደ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሄድሁ። መሳደብ ቢፈልጉ ይስደቡኝ ብዬ ነው የሄድሁት። «ደህና ዋልህ ልጄ» ብለው ወንበር ሰጡኝ። እንደ ማንኛውም ሰው ቀዱልኝ። ከጎኔ ላለው ሰው እንደሚሉት ሁሉ ለእኔም «ይጨመርልህ?» አሉኝ። ባሕር ዳር በሠራሁባቸው በቀሩት አራት ዓመታት ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ረስቼው ነበር።