በፀሐይ ላይ ሽምግልና

ጋሽ ወልደሚካኤል አቃቂ ውስጥ ያላስታረቁት ሰው ቢኖር ገና ያልተጣላ ሰው ነው። ባል ከሚስት፣ ተከራይ ከአከራይ፣ ባለጋሪ ከባለባጃጅ፣ ሁሉንም ወንዙ ዳር ካለው ግራር ሥር ቁጭ ያደርጉና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ይጀምራሉ። ያንን ሥር ፍለጋ ሲቆፍሩ ወር ያልፋል። ማን ይቸኩላል? ጥላው ነፋሻ ነው፣ ጠቡም እንደ ጥሩ ወሬ ይጥማል።

ፀሐይን ግን አይወዷትም። አለመውደድ ብቻ አይደለም፣ ይፈሯታል። ባቡር ጣቢያ ይሠሩ በነበረ ጊዜ፣ ምሳውን በልቶ ፀሐይ ላይ የወጣ አንድ ባልደረባቸው ምች መትቶት አፉ ሲጣመም አይተዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ጃንጥላ ከደጃቸው ወጥተው አያውቁም። ለቅሶ በጃንጥላ፣ ሰርግ በጃንጥላ፣ ሽንት ቤቱም ከግቢው ጥግ ስለሆነ እሱም በጃንጥላ።

ጃንጥላው ጥቁር፣ ባለ ቀንድ እጀታ፣ ድሮ ጅቡቲ ወርደው ለእናታቸው የገዙላቸው ነው። እናታቸው ሲሞቱ መልሰው ወሰዱት። ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ብዙወርቅ ጋር የተኳረፉትም እንግዲህ በዚሁ ጃንጥላ ነው። እህት «የእናት ጃንጥላ ለሴት ልጅ ነው» አሉ፤ ወንድም «የገዛሁት እኔ» አሉ። ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ፣ እዚያው አቃቂ ተቀምጠው፣ እንደምን አደርሽ እንኳ አይባባሉም። ስንቱን ያስታረቀ ሰው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ሚሊኒየሙ ተከብሮ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው እንደ እንጨት ይደርቁ ጀመር። አበጡ፣ ቀሉ፣ ኋላም ተጣመሙ። ሸሚዝ መቆለፍ አቃታቸው።

«ምች ነው» አሉ።

«ኧረ ምቹ በየት በኩል ገባ? በጃንጥላው ቀዳዳ?» አለች ሚስታቸው ወርቅነሽ።

ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ተጠጣ፣ ተቀባ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሳሪስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተር ሊዲያ የምትባል ወጣት ሐኪም ደማቸውን አስመረመረችና ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው።

«አባቴ፣ የሰው ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቁት ወታደሮች አሉት። የእርስዎ ወታደሮች ተሳስተው የገዛ መገጣጠሚያዎን እንደ ጠላት እየወጉት ነው።»

የጋሽ ወልደሚካኤል ፊት ተለዋወጠ። «ማን አጣላን?»

«አቤት?»

«ከወታደሮቼ ጋር ነዋ። ያለ ምክንያት ጠብ የለም። በመሀል ነገር ያመላለሰ ሰው ይኖራል።»

ዶክተር ሊዲያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ምክንያቱ በውል አይታወቅም። በዘርም ይሄዳል። ቆዳችን ከፀሐይ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር ግን አለ። እነዚያን ወታደሮች ረጋ በሉ ከሚሏቸው አንዱ እሱ ነው። ባነሰባቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለው በሽታ በዛ ብሎ ይታያል። ማነሱ በሽታውን ያምጣው፣ በሽታው እሱን ያሳንሰው፣ ተመራማሪዎቹ ገና እየተከራከሩበት ነው። የእርስዎ ግን ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ዋናውን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ቫይታሚኑንም በኪኒን። በተረፈ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ይሙቁ።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ከዚህ ሁሉ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ቀርቷል። ወታደር ከጌታው ሲጣላ መሀል የምትገባው ፀሐይ ኖራ፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በጃንጥላ ሲያባርሯት ኖረዋል። አፈሩ።

«ወንድም ወይ እህት አለዎት?» አለች ዶክተር ሊዲያ። «እጁ ጠዋት ጠዋት የሚደርቅበት ካለ ቶሎ ይምጣ። በጊዜ ከተያዘ ጣቱ ሳይጣመም ሊተርፍ ይችላል። የእርስዎ ግን የተጣመመው አይቃናም።»

«የለኝም» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል።

ከክሊኒኩ ሲወጡ እህታቸው ትዝ አሏቸው። እትዬ ብዙወርቅ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ እየጠለፉ፣ በእጃቸው የሚያድሩ ሴት ናቸው።

በማግስቱ ሽምግልናው ከግራሩ ሥር ወጣ። ሐኪሟ «ጠዋት ጥቂት» ያለችውን እሳቸው «ቀትር ላይ እስኪበቃ» አደረጉት፤ ሽማግሌ ከተጠራ አይቀር ሙሉ ሥልጣኑን ይዞ ይምጣ ብለው። መጀመሪያ የቀረቡት ባለሱቁ ጣሰውና ጎረቤቱ ካሳሁን ነበሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር በቦይ ውሃ ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አግዳሚው ወንበር ገላጣው ሜዳ ላይ ወጣ። «ነገርን ከሥሩ» ብለው ሳይጨርሱ ካሳሁንን ላብ አጠመቀው። ጣሰው ኮቱን አውልቆ አናቱ ላይ ጣለ።

«አውርድ!» አሉት። «ሽማግሌ ፊት ተሸፋፍኖ አይቀረብም።»

«የቱ ሽማግሌ ጋሼ?»

በተጣመመ ጣታቸው ወደ ሰማይ አሳዩት።

«በቃ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጣሰው።

«ኧረ የኔ ነው! ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ!» አለ ካሳሁን። ተሳሳሙና ተያይዘው ወደ ጥላ ሮጡ።

ወሬው ሲዛመት ከሳሪስ አቦ ሳይቀር ጠበኛ ይጎርፍ ጀመር። አንዳንዱ ሜዳውን ገና ከሩቁ ሲያይ ይቅር ተባብሎ ይመለሳል። ከወረዳ አንድ ኃላፊ መጥቶ «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ መስፋፋት አለበት» ብሎ ንግግር ጀመረ። ባርኔጣዎን አውልቀው ይቀጥሉ ቢባል ስብሰባ ትዝ ብሎት ሄደ።

ጋሽ ወልደሚካኤል ግን ደስታ አልነበራቸውም። ሕመሙ በመድኃኒቱ ረገብ ብሎላቸዋል፤ ጣታቸው እንደተጣመመ ነው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እትዬ ብዙወርቅን ከሩቅ አዩዋቸው። ለነዳይ ሳንቲም ሊሰጡ ነው። የቦርሳቸውን ዚፕ መክፈት አቃታቸውና በጥርሳቸው ሳቡት። ጋሽ ወልደሚካኤል በቆሙበት ደርቀው ቀሩ። ያ መስቀል ሲጠልፍ ዓይን የሚያፈዝ እጅ! ዝም ካሉ በራሳቸው የደረሰው በእህታቸውም መድረሱ ነው።

ሽማግሌ ልላክ አሉ። ማንን? የጠየቁት ሁሉ «እርስዎ ያልፈቱትን ማን ይፈታዋል ጋሼ?» እያለ ይሸሻል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁሉም ፀሐይዋን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ጃንጥላውን በብብታቸው ወሽቀው ራሳቸው ሄዱ።

እትዬ ብዙወርቅ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጃንጥላውን ነው።

«ከኔ ጋር የሚታረቅ እንደ ሰዉ ሁሉ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ዝናህን ሰምቻለሁ» አሉ።

ቀትር ነበር። ግቢው መሀል ሁለት ዱካ ወጣ፤ ጃንጥላው እንደተጠቀለለ መሀላቸው ተጋደመ። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አሁን ይሳሳማሉ፣ አሁን ይሳሳማሉ ይላል። ወይ ጉድ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እነዚህ ደግሞ ያንድ እናት ልጆች ናቸው።

«ጅቡቲ ወርጄ የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«እማዬ ጠበል ስትመላለስ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ክንዴ እስኪዝል። ያን ጊዜ አንተ ባቡርህ ላይ ነበርክ።»

ፀሐይዋ አናት አናታቸውን ስትል ቆይታ አዘቀዘቀች፣ የሁለቱም ፊት በርበሬ መሰለ። አንድ ጎረቤት አንሶላ ይዞ መጥቶ «ላጥላላችሁ» ቢል ሁለቱም ባንድ አፍ «ዞር በል!» አሉት። ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጋሽ ወልደሚካኤል ወደ እህታቸው ጠጋ አሉ።

«እትዬ፣ በጃንጥላው አይደለም የመጣሁት። እጅሽን አሳዪኝ።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«አሳዪኝ በናትሽ።»

እትዬ ብዙወርቅ ከነጠላቸው ሥር ቀስ ብለው አወጡት። አብጧል፣ ቀልቷል፤ አልተጣመመም። ጋሽ ወልደሚካኤል የራሳቸውን ጣቶች አጠገቡ አስቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ።

«ደርሼልሻለሁ» አሉ። «የኔ አልፏል፣ ያንቺ ገና ነው። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እህት የለኝም አልኳት። ካድኩሽ እትዬ።»

እትዬ ብዙወርቅ ጃንጥላውን አንስተው መክፈቻውን ተጫኑት። እምቢ አለ። ጋሽ ወልደሚካኤል ተቀብለው ሞከሩ። እሳቸውንም እምቢ ካላቸው ከርሟል። በፀሐይ ሲጠበሱ የሰነበቱት ለሐኪሟ ቃል ብቻ ብለው አልነበረም፤ ይህንን ለወርቅነሽ እንኳ አልነገሯትም። አሁን አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ደርበው አንድ ላይ ሲጫኑት ቷ ብሎ ተከፈተ።

ፀሐይዋ ጠልቃለች። ወንድምና እህት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከጃንጥላው ሥር ተቀመጡ።

«ውይ፣ ሁለቱንም ምች መታቸው!» አለች አንዲት ሴት ከአጥሩ ላይ።

«በል» አሉ እትዬ ብዙወርቅ፣ «ነገ ጠዋት እዚያች ሐኪምህ ዘንድ ውሰደኝ። ጃንጥላውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«ያዢው» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «ማን እንደሚከፍትልሽ አያለሁ።»