መብራት በጠፋ ቀን የተሠራ ሹሩባ

ደንበኞቼ ከመቀመጣቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዛሬ መብራት ነበር?» ይሉኛል። የማያውቅ ሰው ሲሰማቸው ፀጉራቸውን በካስክ ሊያደርቁ የፈለጉ ይመስለዋል። አይደለም። መብራት ከጠፋ ካርታ ተጫውቻለሁ፤ ካርታ ከተጫወትኩ ተበልቻለሁ፤ ከተበላሁ ደግሞ እጄ ይከብዳል። በከበደ እጅ የተሠራ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ቅንድብ ወደ ላይ ይስባል፣ ባለቤቱንም ሰሞኑን ሁሉ የደነገጠች ያስመስላታል። አንዷ ደንበኛዬ እንዲህ ሆና ለቅሶ ቤት ብትሄድ «ምነው ይሄን ያህል፣ ሟቹን በደንብ ታውቂያቸው ነበር እንዴ?» ብለዋት፣ በማግስቱ ተመልሳ መጥታ እየተሳደበች አስፈታችኝ።

የምሠራበት ፀጉር ቤት ኮልፌ ነው፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የብረት በር ከሚሠሩት ልጆች ጎን። መብራት መጥፋቱን የምናውቀው አምፖሉን አይተን ሳይሆን የብረት መቁረጫቸው ጩኸት ቀጥ ሲል ነው። ያኔ የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ እንላቸዋለን፣ ከመሳቢያቸው ካርታ ያወጣሉ። በወጣትነታቸው ሆቴል ሲሠሩ የለመዱት ፖከር ነው። የምንጫወተው ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ጥፍር የምትቀባው ልጅና እኔ። የምናስይዘው ቢጎዲን ነው፤ ያው ፀጉር የምንጠቀልልበት። ቢጎዲኑ ያለቀበት ሰው የሳምንቱን ፎጣ ቤቱ ወስዶ ያጥባል። የኔ ግቢ ገመድ ላይ የሰው ፎጣ የማይሰጣበት እሑድ ብርቅ ነው።

አጥፍቼ ብሸነፍ አይቆጨኝም። የሚያንገበግበኝ ሁሉን በትክክል አድርጌ የምበላው ነው። ያን ጊዜ መቀመጥ አልችልም። ማበጠሪያ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ የተጠረገ ወለል እንደገና እጠርጋለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» የሚለውን የታክሲ ረዳት ያለ ምክንያት ገላምጬው እገባለሁ። እትዬ ይህን ጠባዬን ስላወቁ መድኃኒት አበጁለት። አንድ አሮጌ ዊግ አለ፣ የተቆላለፈ። ከተበላሁ በኋላ ደንበኛ ከመንካቴ በፊት እሱን እንዳበጥር ያዙኛል። ማበጠሪያው ላይ ፀጉር ተነቅሎ ከመጣ ንዴቴ አልበረደም፤ ሰው ራስ ላይ እጄን አላሳርፍም። ዊጉ አሁን መሀሉ ሊመለጥ ምንም አልቀረው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ካርታ ላልነካ ምዬ ነበር። ታናሽ እህቴ ከአስኮ ትመጣለች። ታማ ፀጉሯ በሕክምናው ሙልጭ ብሎ ረግፎ ነበር፤ ዓመት ያህል ሻሽ ከራሷ አልወረደም። አሁን ድና፣ ፀጉሯም ለሹሩባ እስኪበቃ አድጎ፣ ሰኞ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። ሻሹን አውልቃ መግባት ፈለገች። «የመጀመሪያውን ካንቺ ሌላ ሰው አይነካኝም» አለችኝ በስልክ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። አዲስ ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ነው፣ ትንሽ ከጎተቱት ይነቀላል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የበቀለውን በገዛ እጄ ብነቅለውስ? ሌሊቱን የኔ እጅ ዊጉን ሲመልጥ ይታየኝ ነበር።

መጣሁ ያለችበት ሰዓት አለፈ። ታክሲ አጥታ ይሆናል አልኩ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሞ ደወልኩ። በዚህ መሀል የብረቱ ጩኸት ቀጥ አለ። እትዬ መሳቢያቸውን ሳቡ።

«እኔ ዛሬ የለሁበትም» አልኩ።

«ታዲያ ቁጭ በይና! ምጥ እንደያዛት ሴት ከወዲያ ወዲህ ስትዪ እኛንም አዞርሽን» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ተቀምጦ ካርታ አለመንካት እንዴት ይቻላል?

በእጄ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ንጉሥ ወጣ። ሦስት ንጉሥ! ፊቴን አልቀየርኩም፣ ቀስ እያልኩ ማስያዣውን ከፍ አደረግሁ፣ እትዬ ካርታቸውን ጥለው ሸሹ፣ የጥፍሯ ልጅ ግን ማስቲካዋን እያኘከች ተከተለችኝ። አራተኛው ካርታ ወጥቶ ያለኝን ቢጎዲን በሙሉ ገፋሁት። እሷም ገፋች። ስንገልጥ ምንም የላትም፤ ሦስት ንጉሥን የሚበላ አምስት ተከታታይ ቁጥር ልትሞላ አንድ ስድስት ብቻ ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ ካርታ ስድስት ብቻ! እትዬ የመጨረሻውን ገለጡት። ስድስት።

«ውይ» አለች ልጅቷ፤ ማስቲካዋን እንኳ አላቆመችም።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ዞር ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿን አስራ፣ ሁሉን አይታለች።

«መብራት ጠፍቷል እንዴ?» አለች።

እትዬ ዊጉን አቀበሉኝ። አበጠርኩ። ፀጉር ተነቀለ። ደግሜ አበጠርኩ፣ ደግሞ ተነቀለ። «ትክክል ተጫውተሻል፤ ስድስቱን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አሉኝ እትዬ። መፍሰሱንማ አውቃለሁ፤ እኔን ያንገበገበኝ ሳልነካው መፍሰሱ ነው። እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ማበጠሪያው ባዶውን መጣ፤ በርዶልኝ ሳይሆን ዊጉን ለይስሙላ ነካ ብቻ ስላደረግሁት ነው።

ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ከድሮው የሳሳ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ነው። ራሷን ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን ግን የማላውቀው ሰው ራስ መሰለኝ። ጣቶቼ እንዳይከብዱ ትንፋሼን ይዤ ጀመርኩ። አንዱን መስመር ጨረስኩ። ሁለተኛውን ስይዝ የመጀመሪያው ከግንባሯ ጀምሮ ተፈታ። እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና ላላ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ በመስታወቱ እያየችኝ።

«እንዳያምሽ ብዬ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ሰው እንደ እንቁላል ነው የያዘኝ። እማዬ በር ስትዘጋ እንኳ ቀስ ብላ ነው። አንቺም ልትጨመሪ ነው?»

የላላውን መስመር እንደገና ፈታሁት። እሷ ግን በእጇ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ካርታ አሳየችኝ። «ምን ይዘሽ ነበር?»

«ሦስት ንጉሥ።»

«እና?»

«ስድስት መጣላት። አንድ እሱን ብቻ ነበር የምትጠብቀው! ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አጠፋሁ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደጅ ያሉት ልጆች ዞረው አዩኝ።

እህቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። «እኔም ሐኪም ቤት ተኝቼ ይሄንኑ ነበር የምጠይቀው» አለች። «ምን በልቼ፣ ምን አጥፍቼ ብዬ። ምንም አላጠፋሁም አይደል?»

«ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ብያት አላውቅም።

«እንግዲያው እንደ ሰው ሥሪኝ። ጠበቅ አድርጊው።»

ግንባሯ አካባቢ ያለውን ስስ ፀጉር ቀስ ብዬ ሠርቼ አልፌ፣ መሀል አናቷ ላይ ስደርስ ጣቶቼ የለመዱትን ያዙ። ንዴቱ አልሄደም ነበር፤ ስድስቷ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። ግን ጣቶቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንዴቱ ጋር አብረው አልሄዱም፤ እሱ በራሱ፣ እነሱ በራሳቸው። «ወይኔ!» ስትል ላላ አደርጋለሁ፤ «ተይው፣ ተይው» ስትለኝ እቀጥላለሁ። መብራት መጥቶ የብረቱ ጩኸት ሲጀምር ጨርሼ ነበር። ሻሿን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ራሷን ገልጣ ታክሲ ልትይዝ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ያንን የተበላሁበትን ፎጣ እያጠብኩ ሳለ ደወለች። በእጄ ያለውን አረፋ ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አነሳሁት።

«ገደልሽኝ!» አለች። «ራሴ ተወጥሮ፣ በየትም ብዞር እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አደረ። ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጥቷል።»

«አሁኑኑ ነይ፣ ልፍታልሽ» አልኳት፤ ፎጣውን ጥዬ ቆሜ።

«ማን ሊነካው!» አለች እየሳቀች። «የገዛ ፀጉሬ ነው እኮ ያመመኝ።»