ሁለት ቁልፍ በአንድ ማተብ

ዜናው የደረሰኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ነው። የሙሽሪት አክስት ከባምባሲ ለሠርጉ መጥታ እኛ ግቢ ሰንብታለች፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣችና ገመዱ ሥር ቆመች።

«ከነቀምት የሚመጣው የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ።

ሴትየዋ ትክ ብላ አየችኝ። «መኪና ስለተበላሸ ነው የምታመሰግኚው?»

አምልጦኝ ነው። ቀጥላ የምትለውን አስቀድሜ ስላወቅኩት ደስታው ከአፌ ቀደመ። በግቢው ውስጥ ያለችው መኪና የኔ ብቻ ናት።

ከደሴ ወጥቼ አሶሳ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰዉ ጥሩ ነው፤ ሠርግ አይቀርብኝም፣ ክርስትና አይቀርብኝም። ግን የምጠራው እንግዳ ሆኜ ነው። እንግዳ ጥሩ ወንበር ይሰጠዋል፣ ቀድሞ ይቀርብለታል፣ ተነስቶ ሲሄድም «ወዴት ነው?» ብሎ እጁን የሚይዘው የለም። ሙሽራ ጭና የምትነዳ ሴት ግን ማን እንግዳ ይላታል? አንሶላውን ግማሹን አቧራ ላይ ጥዬ መኪናዬን ላጥብ ሮጥኩ።

ሙሽሪት ከኔ አጠገብ ያለውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የሕፃናት አስተማሪ ናት። እናቷ ሞታለች። ማታ ማታ የሕፃናቱን ጉድ እያወራችልኝ እራቴን አብራኝ ትበላለች፤ «እትዬ» ነው የምትለኝ። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ነገር ለመነችኝ።

«አክሊሉ ሲደፋልኝ ፊት ለፊቴ ቁሚልኝ። አንቺን እያየሁ ከሆነ አላለቅስም።»

እሺ አልኳት።

ተክሊሉ የቅበላ እሑድ ነው። በማግስቱ ሁዳዴ ይገባል፤ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም። ቄሱም እቅጩን ተናግረዋል፦ ሙሽሮቹ ቅዳሴ ሳይገባ ካልደረሱ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ «እኔን አትለምኑኝ»። ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል፣ የሩቅ ዘመድ ሁሉ ከወለጋ ሳይቀር መጥቷል። እና ይህ ሁሉ ነገር መጥቶ የኔ መሪ ላይ ተቀመጠ።

ስለ መኪናዬ ትንሽ ልበል። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ከኔ በፊት የስንት ሰው እንደነበረች ፈጣሪ ያውቃል። ጥበቃዋ ግን የባንክ ነው። መሪዋ ላይ የሚቆለፍ ቢጫ ብረት አላት። ሲነኳት የምትጮህበት ማንቂያ አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፏ ራስ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር ተቀብራለች፤ መኪናዋ ይቺን ፍሬ ለይታ ካላወቀች ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይነሳም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ። የሸጠልኝ ሰው ይህን ሲያስረዳኝ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ ነበር።

አሶሳ ውስጥ ይህን ሁሉ ጥበቃ የተፈታተነው እስካሁን ማንጎ ብቻ ነው። ዛፉ ሥር ስለምትቆም፣ በወቅቱ ፍሬ ጣሪያዋ ላይ በወደቀ ቁጥር ትጮሃለች፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንዳንዴም ዱላ ይዤ እወጣለሁ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የበርታ ተወላጅ ጎረቤቴ አስተማሪ ስለሆንኩ «ኡስታዛ» ይለኛል። ጩኸቱን በሰማ ቁጥር ከመስኮቱ ብቅ ይላል።

«ኡስታዛ፣ ሌባ ያዝሽ?»

«ማንጎ ነው።»

«ወላሂ፣ አትልቀቂው! እሰሪው!»

እስከዚያ ሳምንት ድረስ የነበረኝ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። የሸጠልኝ ሰው ሁለተኛውን ከዕቃው መሀል አግኝቶ በመንገደኛ ላከልኝ። ቅዳሜ ማታ የሙሽሪት ጓደኞች መኪናዋን በሪባንና በአበባ ሲያስጌጡ እኔ ተቀምጬ ተጨነቅኩ። ነገ በዚያ ግርግር ቁልፍ ቢጠፋብኝስ? ስለዚህ ሁለቱን ቁልፎች ራስ ለራስ ገጥሜ፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ እንዲያይ አድርጌ፣ በማተብ ክር አሰርኳቸው። ክሩ ከገዳም የመጣልኝ ነው። «በስመ አብ» እያልኩ ጠመጠምኩ፣ ጠመጠምኩ፣ እንደ ሙሽሮቹ የማይነጣጠሉ እስኪሆኑ። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ሰው ሲጠፉበትም አንድ ላይ እንደሚጠፉበት ያን ለታ አልታየኝም። ሥራዬን ሳምኩት፣ ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሙሽሪት በካባዋ ወጣች። እልል ተባለ። ሙሽራው ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ከሚዜዎቹ ጋር ቀድሞ ሄዷል። ሙሽሪትና አክስቷ ከኋላ ገቡ፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ መሪውን ጨበጥኩ፣ በመስተዋቱም ራሴን አየሁ። ቁልፉን አዞርኩ።

መኪናዋ አንዴ ቃተተችና ዝም አለች። ቀዩ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«አማትቢና ድገሚ» አለች አክስቲቱ።

አማተብኩና ደገምኩ። ምንም። በልቤ ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልኩ። ምንም። ከጧፍ ወደ ጃንጥላ ከፍ አደረግኩት። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም። ከጃንጥላ ወደ ምንጣፍ ስሻገር ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር መሰለኝ፣ አክስቲቱ ከኋላ በኦሮምኛ አምላኳን ጠርታ፣

«ያ ዋቀዮ! ምንድን ነው የምታንሾካሹኪው? መኪናው አማርኛ አይሰማም እንዴ?» አለች።

ሰው ከበበን። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ አንዱ ነዳጅ ነው አለ፣ አንዲት ሴት ዓይን ነው አለች። «ትገፋና ትነሳለች» የሚለው ወገን በዛ። እንዲህ ያለች መኪና ተገፍታ እንደማትነሳ ተነግሮኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ማን ያስታውሳል? ከነሙሽሪት ከግቢው አውጥተው መንገዱ ላይ አደረሱን። ስትገፋ ማንቂያዋ ነቃ። ሰፈሩን ሁሉ ያናጋች መሰለኝ፤ አበባ ተሸክማ፣ ሪባን ታጥቃ፣ «ሌባ! ሌባ!» የምትል ይመስል ጮኸች። ጎረቤቴ ሱቁን እየከፈተ ነበር።

«ኡስታዛ! ደግሞ ማንጎ ነው?»

«ሙሽራ ናት!» አለች አክስቲቱ በእኔ ፈንታ።

ሰውዬው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ወደ አስፋልቱ ወጣና በጣቶቹ አፏጭቶ አንድ ባጃጅ አስቆመ። ሙሽሪት በሩን ከፍታ ስትወርድ አየሁ። «ትንሽ ታገሺኝ፣ አሁን ትነሳለች!» አልኳት።

«እትዬ፣ ባጃጅ ይበቃኛል። ቅዳሴ ሊገባ ነው» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ሴቶቹ ከመኪናዬ አፍንጫ ላይ አበባውን ነቅለው ባጃጁ ላይ አሰሩት። አፍንጫዋ ባዶ ሲቀር እኔንም ልብሴን የገፈፉኝ ያህል አፈርኩ።

«ነይ ግቢ እንጂ» አለችኝ አክስቲቱ ጠጋ እያለች። «ቦታ አለ።»

«እናንተ ቅደሙ። መኪናዋን መሀል መንገድ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ? ሌባስ?»

«እኔ ሱቅ እዚህ ነው» አለ ጎረቤቴ። «አየዋለሁ። ሂጂ።»

«ኧረ ሌባ አይታወቅም…»

«ኡስታዛ» አለ፣ እጁን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አድርጎ፣ «ለአንቺ እምቢ ያለ መኪና ለሌባ እሺ ይላል?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሙሽሪት ራሷ ዓይነ ርግቧን ይዛ ሳቀች። ልክ ነህ ብዬ ባጃጅ ውስጥ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ሌባም አልነበረም ነገሩ። በራሴ መኪና አደርሳታለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ስነዳ አድሬ፣ በባጃጅ ጥግ ተወሽቄ መድረስ አልዋጥልሽ አለኝ። አሁን ትነሳለች፣ መንገድ ላይ እደርስባቸዋለሁ፣ ቀድሜም በር ላይ እቀበላታለሁ አልኩ። ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ሙሽሪት በጎን ብቅ ብላ፣

«ፊት ለፊቴ፣ እትዬ! እንዳትረሺ!» አለችኝ።

ሰዉም በሌላ ባጃጅና በእግሩ ተከተላት። እኔና መኪናዬ ቀረን።

ደጋግሜ አዞርኩ፤ ደጋግማ እምቢ አለች። በመጨረሻ ዓይኔ በመንገደኛው እጅ በመጣው ቁልፍ ላይ አረፈ። ይቺ ከመጣች ወዲህ ነው! በማን እጅ እንዳለፈች፣ ምን ይዛብኝ እንደመጣች ማን ያውቃል? ይህ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ሴት ሐሳብ ነው፤ አልደብቅም። ማተቡን ልፈታ ብል የገዛ ቋጠሮዬ እምቢ አለኝ። ያን የተባረከ ክር በጥርሴ ቆረጥኩት፣ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ያቺን ቁልፍ ጎረቤቴ መዳፍ ላይ አኖርኩ።

«ያዝልኝ። ከኔ አርቅልኝ።»

መጀመሪያ ቁልፉን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። «ሱብሃነላህ! ቅድም ሌባ ፈራሽ። አሁን ቁልፍ ሰጠሽኝ?»

ተመልሼ አሮጌውን ቁልፍ ብቻውን ከትቼ አዞርኩ። ተነሳች። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ልክ እንደ ዘወትር ጠዋት ተነሳች። ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴም ከሱቁ ሆኖ አጨበጨበልኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቅዳሴ ገብቷል። ጫማዬን አውልቄ በሴቶች በኩል ለመጠጋት ሞከርኩ፤ ሰዉ እንደ ጤፍ ተዘርቷል፣ መርፌ መጣያ ቦታ የለም። በነጠላዎች መሀል ከኋላ የአክሊሏን ጫፍ አየሁ። ተደፍቶላት አልቋል።

ከሰዓት በኋላ ደሴ ላለው ወንድሜ ደውዬ ተአምሩን ነገርኩት።

«ሁለቱን ቁልፍ ራስ ለራስ ነው ያሰርሻቸው?»

«አዎ።»

«በማተብ?»

«አዎ አልኩህ።»

ስልኩን አፉ ላይ ይዞ ሳቀ። «አንቺ ሴት! ሁለቱ ፍሬዎች እኩል ሲያወሩ መኪናዋ የማንን ትስማ? ግራ ገብቷት ነው እኮ ‹ሌባ ነው› ብላ የዘጋችው። ያቺን ቁልፍ ምንም አልነካት፤ ለይተሽ አስቀምጫት።»

ቁልፏ አሁን ጎረቤቴ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳሩ ኋላ መደርደሪያ ላይ ናት። እዚያው ትቀመጥ ብዬዋለሁ። ምንጣፉን በተመለከተ፣ የተሳልኩት ገና ከአፌ ሳይወጣ ስለነበር ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ላይ ከንስሐ አባቴ ጋር አልተስማማንም፤ እሳቸው ይቆጠራል ባይ ናቸው።

ሙሽሪት ከባሏ ጋር ልትጠይቀኝ ስትመጣ አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ገረማት።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ? ፊት ለፊቴ ነበርሽ እኮ። ነጠላሽን እንደ ሁሌው አድርገሽ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ። አንቺን እያየሁ አላለቀስኩም።»

አልነበርኩም አላልኳትም። በኋላ የሠርጉን ቪዲዮ አየሁት፤ ቪዲዮ አንሺው ሙሽሮቹንና ካህናቱን ብቻ ነው የያዘው፣ የሚያዩትን ሰዎች አላነሳም።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነበራችሁ፣ አክሊሉ ሲደፋ ያያችሁ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ። ፊት ለፊቷ የቆመችው ሴት ማን ናት? ከወለጋ ከመጡት ዘመዶች አንዷ ትሁን የሰፈር ሴት፣ የምታውቋት ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሄጄ ጉልበቷን ልሳም። ሙሽሪት ምን ዓይነት ፊት እንደነበራት፣ ፈገግ ብላ እንደሆነ፣ ከንፈሯን ነክሳ እንደሆነ፣ ያያችሁትን ሁሉ አንድም ሳታስቀሩ ንገሩኝ።